የግሪክ ደሴቶችን ጉዞ ከኢንተርኔት ላይ ማቀድ፦ መርከቡን አስቀድሙ፣ አልጋውን አስከትሉ

በየዓመቱ ፋሲካ ባለፈ በሳምንቱ ስልኬ መጮኽ ይጀምራል። የምኖረው አቴንስ ስለሆነ ከዱባይም፣ ከስቶክሆልምም፣ ከቴል አቪቭም፣ ከአዲስ አበባም የሚደውለው ዘመድና ወዳጅ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ደሴት ልንሄድ ነው፤ የትኛውን ድረ ገጽ እንክፈት?» ለእያንዳንዱ በስልክ ማስረዳት ስላደከመኝ እነሆ በጽሑፍ።

አንድ ድረ ገጽ ብቻ ስጠኝ የምትሉ ከሆነ የለም። ለቪዛ፣ ለመርከብ፣ ለነፋስና ለአልጋ የየራሳቸው ምንጭ አላቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጥፎ ድረ ገጽ ከፍቶ ሳይሆን ጥሩውን ድረ ገጽ ያለ ተራው ከፍቶ ነው፤ መጀመሪያ የሚያምር ክፍል አይቶ ይከፍልና ከዚያ በኋላ ወደዚያ የሚሄድ መርከብ ይፈልጋል። ስለዚህ ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ሥሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮምፒውተር። ቲኬት ለመያዝ ስልክ ይበቃል፤ አራት ገጽ ጎን ለጎን ከፍቶ ለማወዳደር ግን አይመችም።
- የሁሉም ተጓዥ ፓስፖርት፣ ፎቶው ሳይሆን ራሱ።
- ወረቀት ወይም በኮምፒውተር የተሠራ ሰንጠረዥ።
- በውጭ ድረ ገጽ ላይ መክፈል የሚችል የባንክ ካርድ። ከአዲስ አበባ የምትነሡ ከሆነ ተራው የብር ካርድ አይሠራምና ስለ ውጭ ምንዛሪ ካርድ ባንካችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ።
- የመተርጎሚያ አገልግሎት ያለው ማሰሻ። ጠቃሚ ከሆኑት ገጾች ብዙዎቹ በግሪክኛ ብቻ የተጻፉ ናቸው።
- ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የካርታ መተግበሪያ፤ ኦርጋኒክ ማፕስ ነፃ ነው።
- ሁለት ምሽት። በአንድ ምሽት የታቀደ ጉዞ ብዙውን ጊዜ ወደብ ላይ ይበላሻል።

ደረጃ 1፦ የመግቢያ ፈቃዳችሁን ከመንግሥት ገጽ ላይ አረጋግጡ

ግሪክ የሸንገን፣ ማለትም በአንድ ቪዛ የሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ስምምነት አባል ናት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው ቪዛ ያስፈልገዋል። እንደ ጀርመን ወይም ስዊድን ባለ የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ግን በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን ያለ ተጨማሪ ቪዛ መግባት ይችላል። የአሜሪካ ግሪን ካርድ፣ የብሪታንያ የመኖሪያ ፈቃድና የኤሚሬትስ መታወቂያ ይህን አይተኩም። የአሜሪካ ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ያላችሁ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋችሁም።

መጠየቅ ያለባችሁ ሁለት ምንጮችን ብቻ ነው፤ አንዱ አድራሻው «ዩሮፓ ዶት ኢዩ» በሚል የሚያልቀው የአውሮፓ ኮሚሽን ገጽ፣ ሌላው በምትኖሩበት አገር ያለው የግሪክ ኤምባሲ ገጽ ነው። በፍለጋ ውጤቱ አናት ላይ የሚወጡት ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ የደላላ ገጾች ናቸው። የአዋቂ ሰው የቪዛ ክፍያ 90 ዩሮ ሲሆን፣ ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው በፊት ከ6 ወር ጀምሮ እስከ 15 ቀን ድረስ ነው። የጉዞ የጤና ዋስትናውም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት።

ማስጠንቀቂያ፦ ቪዛው ፓስፖርታችሁ ላይ ሳይለጠፍ ገንዘቡ የማይመለስ ቲኬትም ሆነ ክፍል አትግዙ። ለማመልከቻው የሚያስፈልገውን ማረፊያ በነፃ ሊሰረዝ ከሚችለው ዓይነት ያዙ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የመግቢያና መውጫ ምዝገባ መሠረት፣ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ የአጭር ጊዜ ጎብኚ ድንበር ላይ የጣት አሻራና ፎቶ ይሰጣል። ሰልፉ የሚወስደው ጊዜ ስለማይታወቅ አውሮፕላናችሁ ባረፈ በሁለተኛው ሰዓት የሚነሣ መርከብ አትያዙ።

ደረጃ 2፦ የደሴቷን ስሞች ሁሉ ሰብስቡ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ የእኛ አገር ሰው ደግሞ ከማንም በላይ ያስፈልገዋል። እኛ የግሪክ ደሴቶችን ያወቅናቸው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። «ፍጥሞ» ብላችሁ ብትፈልጉ የራእየ ዮሐንስ ትርጓሜና ስብከት ይመጣላችኋል እንጂ የመርከብ ሰዓት አታገኙም። ፍጥሞ በመርከብ ድርጅቶቹ ዘንድ ፓትሞስ ናት። ቀርጤስ ክሪት፣ በግሪኮቹ አፍ ክሪቲ ትባላለች። ሩድ ሮድስ ወይም ሮዶስ፣ ቆስ ኮስ፣ ኪዩ ደግሞ ሂዮስ ናቸው።

በዚህም አያበቃም፤ ቱሪስቱ የሚያውቀው ስምና ወደቡ ላይ የሚጻፈው ስም ይለያያሉ። ሳንቶሪኒ በወደብ ሰሌዳ ላይ «ቲራ» ተብላ ልትጻፍ ትችላለች። ኮርፉ ኬርኪራ፣ ዛንቴም ዛኪንቶስ ናት። ከፍራንክፈርት የመጣች አንዲት ዘመዴ ፒሬየስ ወደብ ላይ «የሳንቶሪኒው መርከብ የታለ?» እያለች ከወዲያ ወዲህ ስትሮጥ የነበረው፣ ስሙ በትልቁ የተጻፈበት ሰሌዳ ፊት ለፊቷ ቆሞ ነው።

ስለዚህ ወረቀታችሁ ላይ ለእያንዳንዷ ደሴት ሦስት ስም ጻፉ፤ የአማርኛውን፣ የእንግሊዝኛውንና የግሪክኛውን። የግሪክኛውን ጽሕፈት በዊኪቮያጅ ላይ የደሴቷን ገጽ ከፍታችሁ ቅዱ። ዊኪቮያጅ ነፃ የጉዞ መመሪያ ነው፤ የሚሸጠው ነገር ስለሌለ የሚያባብልበትም ምክንያት የለውም። የግሪክኛው ስም የሚጠቅመው በኋላ አውቶቡስ፣ የአየር ጠባይና የሥራ ማቆም አድማ ስትፈልጉ ነው፤ ትኩሱ ዜና የሚገኘው በዚያ ቋንቋ ነው።

የመንደር ስሞችም ወጥመድ አላቸው። «ሆራ» ማለት የደሴቷ ዋና ከተማ ማለት ስለሆነ በብዙ ደሴቶች ላይ ሆራ አለ። ስካላ በፍጥሞም በኬፋሎኒያም፣ ካማሪ በሳንቶሪኒም በኮስም፣ ፕላካ በናክሶስም በሚሎስም ይገኛል። ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ካርታውን ከፍታችሁ ደሴቷ ራሷ መሆኗን አረጋግጡ።

ደረጃ 3፦ ደሴቶቹን በቡድን በቡድን ለዩ

ካርታ ክፈቱ። ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች ከሁለት መቶ በላይ ናቸው፤ ለዕቅድ የሚጠቅማችሁ ግን ቡድናቸው ነው። ሲክላዲስ ሳንቶሪኒን፣ ሚኮኖስን፣ ናክሶስን፣ ፓሮስንና ቲኖስን ይይዛል። ዶዴካኒስ ውስጥ ሮድስ፣ ኮስና ፍጥሞ አሉ። የኢዮኒያን ባሕር ደሴቶች ኮርፉ፣ ኬፋሎኒያና ዛኪንቶስ በምዕራብ ናቸው። ኤጊናና ሃይድራ ለአቴንስ ቅርብ ሲሆኑ፣ ስኪያቶስና ስኮፔሎስ በሰሜን ይገኛሉ። ቀርጤስ ብቻዋን አንድ አገር ታህላለች።

ደንቡ ቀላል ነው፤ በአንድ ጉዞ ከአንድ ቡድን አትውጡ። መርከቦቹ የሚመላለሱት በየቡድኑ መስመር ነው። ከኮርፉ ወደ ሳንቶሪኒ በቀጥታ የሚሄድ መርከብ የለም። በካርታ ላይ አንድ ጣት የምታህለው ርቀት ወደ አቴንስ ተመልሶ እንደገና መነሣትን ልትጠይቅ ትችላለች።

እዚሁ ላይ የትኛዋ ደሴት አየር ማረፊያ እንዳላት ምልክት አድርጉ። ፍጥሞ፣ ቲኖስ፣ አሞርጎስ፣ ፎሌጋንድሮስና ሃይድራ የላቸውም። ከቴል አቪቭ የምትነሡ በበጋቸው ወራት፣ ማለትም እኛ አገር ክረምት ሲሆን፣ በቀጥታ ወደ ሮድስ፣ ወደ ኮስና ወደ ቀርጤስ የሚበር አውሮፕላን ስለምታገኙ አቴንስን ጭራሽ ልትዘሉ ትችላላችሁ። ወደ ፍጥሞ ለሚሄድም ኮስ ላይ አርፎ በፈጣን ጀልባ መቀጠል አንዱ ጥሩ መንገድ ነው።

ደረጃ 4፦ መርከቡን ፈልጉ

የጉዞው አከርካሪ ይህ ነው፤ ከሁለቱ ምሽት አንዱን ለዚህ ስጡት።

ሀ. በመጀመሪያ ፌሪሆፐርን ክፈቱ። የብዙ ድርጅቶችን መርከቦች በአንድ ገጽ አሰልፎ ያሳያል፤ ይሸጣልም። መነሻ፣ መድረሻና ቀን አስገቡ። ውጤቱን እንደ መጨረሻ ቃል ሳይሆን እንደ መጀመሪያ ፍንጭ ተቀበሉት።

ለ. ያንኑ ጉዞ በጂቲፒ የጊዜ ሰሌዳ ላይ ተመልከቱ። አንዱ ገጽ ያላሳየውን መስመር ሌላው ሊያሳይ ይችላል።

ሐ. የመርከቡን ድርጅት ካወቃችሁ በኋላ የራሱን ገጽ ክፈቱ። ለትልልቆቹ መርከቦች ብሉ ስታር ፌሪስ፣ ለፈጣኖቹ ሲጄትስ፣ በዶዴካኒስ ውስጥ ደግሞ ዶዴካኒሶስ ሲዌይስ አሉ። የሰዓት ለውጥና የመሰረዣ ደንብ በትክክል የሚገኘው እዚያ ነው።

መ. ያገኛችሁትን በሰንጠረዥ ጻፉ፦ ቀን፣ መነሻ ወደብ፣ መድረሻ፣ መነሻና መድረሻ ሰዓት፣ የመርከቡ ስም፣ ዋጋ። የመርከቡን ስም አትተዉ። በስሙ ትልቅ መርከብ መሆኑንና ፈጣን ጀልባ መሆኑን ትለያላችሁ፤ በጉዞው ቀንም የት እንደደረሰ የምትከታተሉት በስሙ ነው። ከፒሬየስ ሳንቶሪኒ በትልቁ መርከብ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ በፈጣኑ አምስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ፈጣኑ ዋጋው ከፍ ይላል፤ በአብዛኛው ደጅ ላይ መቀመጫ የለውም፤ ማዕበል ሲኖርም ሆድ ያናውጣል። ልጆች ካሉ እኔ ሁልጊዜ ትልቁን እመርጣለሁ።

«መነሻ ወደብ» የሚለውን ዓምድ ለምን እንዳስገባሁት ልንገራችሁ። አቴንስ ሦስት ወደብ አላት፦ ፒሬየስ፣ ራፊናና ላቭሪዮ። በመጀመሪያው ዓመቴ ወደ ቲኖስ ለመሄድ ቲኬት ቆረጥሁ፤ ገጹ ላይ ዋጋውንና ሰዓቱን እንጂ ወደቡን አላየሁም። ሻንጣዬን እየጎተትሁ ፒሬየስ ስደርስ ትኬት ቆጣሪው ወረቀቱን አየና በጣቱ ወደ ምሥራቅ አመለከተኝ። መርከቤ የሚነሣው ከራፊና፣ ከከተማው ሌላኛው ጫፍ ነበር። አልደረስሁበትም። ራፊና ለአየር ማረፊያው ቅርብ ስለሆነች ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ ወደ ቲኖስ፣ ወደ አንድሮስ ወይም ወደ ሚኮኖስ ለሚሄድ ትመቻለች፤ ግን አውቆ ለመረጣት ሰው ነው።

ፒሬየስ ራሱ ሰፊ ነው፤ በሮቹ ከኢ1 እስከ ኢ12 ተቆጥረዋል። የዶዴካኒስ መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ ከኢ1 ይነሣሉ፤ እሱም ከሜትሮ ጣቢያው ሻንጣ ይዞ በእግር የማይሞከር ርቀት ላይ ነው። ከአየር ማረፊያው ሜትሮ መስመር 3 ወይም ቀን ከሌሊት የሚሠራው ኤክስ 96 አውቶቡስ ወደ ፒሬየስ ያደርሳችኋል። የበሩን ቁጥር ከቲኬቱ ወይም ከድርጅቱ ገጽ ላይ ዋዜማውን አረጋግጡ፤ ይቀየራልና።

ሠ. ምንም ካላገኛችሁ ቀኑን እዩ። የበጋው ሰሌዳ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይወጣም። ጃንዋሪ ላይ ተቀምጣችሁ የጁላይን መርከብ ስትፈልጉ ገጹ ባዶ ቢሆን «መርከብ የለም» ማለት ላይሆን ይችላል፤ ሰሌዳው ገና አልተጫነም። በየሁለት ሳምንቱ ተመልሳችሁ እዩ።

ረ. ስም ስትሞሉ በፓስፖርቱ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ጻፉ። የእኛ የአባትና የአያት ስም ቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለውን ቦታ ግራ ያጋባዋል። መመሪያው አንድ ነው፤ ፓስፖርቱ በዚያ መስመር ያስቀመጠውን ገልብጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን «ከፍጥሞ ወደ ሳንቶሪኒ መርከብ ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ደፍሮ ሰዓት ሊነግራችሁ ይችላል፤ ያ መርከብ ግን ጨርሶ ላይኖር ይችላል። ሐሳብ ለማግኘት ተጠቀሙበት፤ ሰዓት ግን ከድርጅቱ ገጽ ብቻ ውሰዱ።

ደረጃ 5፦ ሰዓቱንና ቀኑን ወደ ራሳችሁ አቆጣጠር መልሱ

ድረ ገጾቹ የሚጽፉት በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። 07፡30 ማለት ከጠዋቱ 1፡30፣ 15፡00 ማለት ከቀኑ 9 ሰዓት፣ 23፡55 ማለት ከሌሊቱ 5፡55 ነው። በሰንጠረዡ ላይ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ። «በሰባት ተኩል ነው» ብላችሁ ለእናታችሁ ብትነግሯቸው እሳቸው ከምሳ በኋላ ይዘጋጃሉ።

ከዚህ የባሰው እኩለ ሌሊት ነው። ቲኬቱ «ዓርብ 00፡05» ካለ መርከቡ የሚነሣው ለዓርብ አጥቢያ ሌሊት ነው፤ ሐሙስ ማታ እራት በልታችሁ ወደብ መሄድ አለባችሁ ማለት ነው። ዓርብ ማታ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው ባዶ ወደብ ነው። የክፍል ኪራዩንም በዚሁ አስሉ፤ ያቺን ሌሊት መርከብ ላይ ከሆናችሁ ለሆቴል አትክፈሉ፤ ደሴቷ ላይ የምትደርሱት ሌሊት ከሆነ ደግሞ አልጋው ከዋዜማው ጀምሮ የተያዘ መሆን አለበት።

ቀን የሚጻፈው ቀን፣ ወር፣ ዓመት በሚል ተራ ነው። ከአሜሪካ የምትጽፉ 05/08 ኦገስት 5 መሆኑን ልብ በሉ።

ሰሌዳው ከመያዙ በፊት የግሪክን በዓላት እዩ። ፋሲካችን ከፋሲካቸው ጋር በአንድ ቀን ይውላል፤ በዚያ ሳምንት አቴንስ ባዶ ትሆናለች፣ መርከቡም ጢም ይላል። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ያለው ሰኞም እንዲሁ ነው። ከሁሉም የሚብሰው የእመቤታችን የፍልሰታ በዓል፣ ኦገስት 15 ነው። በተለይ ቲኖስ በዚያን ዕለት የተሳላሚዎች ከተማ ስለምትሆን አልጋም መርከብም ወራት ቀድሞ ይያዛል። ሳይሳለሙ ለመዝናናት ብቻ የሚሄዱ ያንን ሳምንት ይተዉት።

ደረጃ 6፦ አሁን አልጋውን ያዙ

ቡኪንግ፣ ኤርቢኤንቢ ወይም የሆቴሉ የራሱ ገጽ፤ ሦስቱንም አወዳድሩ። ገጹ የትኛውም ቢሆን እነዚህን አድርጉ፦

1. በግሪክ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ሁሉ በግብር መሥሪያ ቤቱ የተመዘገበበት ቁጥር አለው፤ ኤ፣ ኤም፣ ኤ በሚሉ ሦስት ፊደሎች ይታወቃል፤ ማስታወቂያው ላይም መታየት አለበት። ቁጥሩ የሌለበትን ቤት እለፉት። ቁጥር ለሌለው ቤት ገንዘብ ከፍላችሁ ነገር ቢበላሽ መያዣ የላችሁም።

2. የእንግዶችን አስተያየት ከመጨረሻው ጀምራችሁ አንብቡ። መጀመሪያ አዲሶቹን፣ ቀጥሎ ዝቅተኛ ነጥብ የሰጡትን እዩ። የምትፈልጉት «ደረጃ»፣ «ጫጫታ»፣ «ውኃ» እና «ነፋስ» የሚሉትን ቃላት ነው። «እይታው ድንቅ ነው» የሚለው አስተያየት ብዙ ጊዜ ትርጉሙ ሰማንያ ደረጃ መውጣት ነው። ከአረጋውያን ወላጆች ጋር የምትሄዱ በካርታው ላይ የመንገድ ፎቶዎችን ከፍታችሁ መኪና የሚቆምበትንና በሩን እዩ። ሃይድራ ላይ ደግሞ መኪና ስለሌለ ሻንጣችሁን የሚጭነው በቅሎ ወይም አህያ ነው።

3. በዋጋው ላይ የማይታየውን ክፍያ ጨምሩ። የአየር ንብረት ክፍያ የሚባል አለ፤ ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ለአንድ ክፍል በአንድ ሌሊት ባለ አንድና ሁለት ኮከብ ሆቴል 2 ዩሮ፣ ባለ ሦስት 5፣ ባለ አራት 10፣ ባለ አምስት 15፣ ለኪራይ አፓርታማ ደግሞ 8 ዩሮ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው እዚያው ስትደርሱ ነው።

4. ሌሊት የምትደርሱ ከሆነ ባለቤቱን አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ከፒሬየስ የሚነሣው ትልቅ መርከብ ፍጥሞ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ እኩለ ሌሊት ገደማ ነው። በዚያ ሰዓት ታክሲ ማግኘት ዕድል ነው። «በ00፡30 እንደርሳለን፤ ወደብ ላይ የሚቀበለን አለ?» የምትል አንዲት መስመር ትበቃለች፤ ብዙዎቹ ራሳቸው መጥተው ይቀበላሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ አከራዩ «ከገጹ ወጥተን በባንክ ብትልኩልኝ ዋጋ እቀንሳለሁ» ካላችሁ እዚያው ላይ አቁሙ። ክፍያው ከገጹ ከወጣ ጥበቃውም አብሮ ይወጣል።

ደረጃ 7፦ ነፋሱን መከታተል ልመዱ

ጁላይና ኦገስት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ መርከብ ሊቀር ይችላል። ምክንያቱ መልቴሚ የሚባለው የሰሜን ነፋስ ነው፤ በኤጂያን ባሕር ላይ ለቀናት ሳያቋርጥ ይነፍሳል። ሲበረታ የወደብ ባለሥልጣን መርከቦች እንዳይንቀሳቀሱ ያግዳል፤ ክልከላውን ግሪኮቹ «አፓጎሬፍቲኮ» ይሉታል። ከፈጣን ጀልባዎቹ ይጀምራል፤ ነፋሱ በነፋስ ኃይል መለኪያው 8 ቦፎር ከደረሰ ትልልቆቹም ይታገዳሉ።

ከጉዞው አምስት ቀን በፊት ጀምሮ የነፋስ ትንበያ የሚያሳየውን ዊንዲን ወይም በግሪክ የባሕር ምርምር ማዕከል የሚዘጋጀውን ፖሲዶንን በየቀኑ አንድ ጊዜ ክፈቱ። የግሪክን የአየር ጠባይ ለመሬቱ ሜቴዮ የተባለው የአቴንስ ብሔራዊ ኦብዘርቫቶሪ ገጽ በደንብ ያሳያል። ስለ ዝናቡ ብዙ አትጨነቁ፤ የምትፈልጉት የነፋሱን ኃይል በቦፎር ነው። 6 ካለ ለማቅለሽለሽ መድኃኒት ያዙ፤ 7 ካለ ሌላ አማራጭ አስቡ።

በጉዞው ቀን ማሪን ትራፊክን ከፍታችሁ በደረጃ 4 የጻፋችሁትን የመርከብ ስም አስገቡ። መርከቡን በካርታው ላይ ሲንቀሳቀስ ታዩታላችሁ። ባለፈው በጋቸው ናክሶስ ወደብ ላይ ሰዉ ሁሉ በፀሐይ ተሰልፎ ሳለ እኔ መርከቡ ገና ከፓሮስ አለመነሣቱን ስላየሁ ጥላ ሥር ቡናዬን እጠጣ ነበር። መቼ መነሣት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ከሰሌዳው ይልቅ መርከቡ ያለበት ቦታ ነው።

ከተሰረዘ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ መሠረት መብታችሁ ሁለት አማራጭ ነው፤ ወይ በሌላ መርከብ መድረስ፣ ወይ ገንዘባችሁን ማስመለስ። ከ90 ደቂቃ በላይ የዘገየ መነሻም በዚሁ ይታያል። የአየር ጠባይ ከሆነ ምክንያቱ ግን ካሣና የሆቴል ወጪ አትጠይቁ፤ አይከፈልም። ለዚህ ነው ወደ አገር የሚመለሰው አውሮፕላን ካለበት ቀን በፊት ያለውን ሌሊት አቴንስ ማደር የሚገባችሁ።

ደረጃ 8፦ በደሴቷ ውስጥ ያለውን

አውቶቡሶቹ ኬቴል ይባላሉ፤ በየደሴቱ የየራሱ ድርጅትና ገጽ አለው። የደሴቷን ስም ከ«ኬቴል» ጋር ፈልጉ። ሳንቶሪኒ ላይ መስመሩ ሁሉ ፊራ ላይ ስለሚገናኝ ከኢያ ወደ ደቡቡ የባሕር ዳርቻ የሚሄድ ሰው እዚያ ወርዶ ይቀይራል። መኪና የምትከራዩ የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ካላችሁ ዓለም አቀፉን ፈቃድ ከአገር ይዛችሁ ውጡ፤ ኢንሹራንሱ የጠጠር መንገድንና መርከብ ላይ መጫንን ይሸፍን እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቁ።

ለመንግሥት ሙዚየሞችና የጥንት ፍርስራሾች ቲኬቱን ከባህል ሚኒስቴሩ ይፋዊ ገጽ ላይ ግዙ፤ አቴንስ ላይ የሚገኘው አክሮፖሊስ 30 ዩሮ ሲሆን የመግቢያ ሰዓት መርጣችሁ ነው የምትገዙት። በሌሎች ገጾች ላይ ያው ትኬት ከአስጎብኚ ጋር ተጠቅሎ በእጥፍ ሲሸጥ ታያላችሁ። የፍጥሞው የዮሐንስ ገዳምና የራእዩ ዋሻ ግን እንደ ሙዚየም አታስቧቸው። የመግቢያ ሰዓታቸው በቀኑና በቅዳሴው ይለዋወጣል፤ ካርታው ላይ የተጻፈውን አትመኑ፤ ያረፋችሁበትን ሰው አስደውሉ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ግዴታ ስለሆነ ነጠላ መያዝ ይበቃል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስህተቶች

- በስድስት ቀን አራት ደሴት ማቀድ። እያንዳንዱ ዝውውር ዕቃ መሸከፉንና ወደብ ላይ መጠበቁን ጨምሮ ግማሽ ቀን ይበላል። ለስድስት ቀን ሁለት ይበቃል።
- ፍጥሞንና ሳንቶሪኒን በአንድ ትንፋሽ ማገናኘት። በቡድን የተለያዩ ናቸው፤ በቀጥታ የሚያገናኛቸው መርከብ የማይገኝበት ቀን ይበዛል።
- ኖቬምበር ላይ በነሐሴ የተነሣ ቪዲዮ አይቶ መሄድ። በክረምታቸው በትንንሾቹ ደሴቶች ብዙ ሆቴልና ምግብ ቤት ይዘጋል፤ የመርከቡም ምልልስ ይቀንሳል።
- ካርድ ብቻ ይዞ መሄድ። ትንሽ ደሴት ላይ አንዱ የገንዘብ ማሽን ቅዳሜ ባዶ ሊሆን ይችላል።
- የሥራ ማቆም አድማን አለመጠየቅ። በግሪክኛ «አፔርጊያ» ይባላል፤ መርከበኞቹ አድማ ሲጠሩ ሁሉም ይቆማል። ከመነሻው ሦስት ቀን በፊት ቃሉን ወደ ግሪክኛ አስተርጉማችሁ ከወደቡ ስም ጋር ዜና ውስጥ ፈልጉ።

ደረጃ 9፦ በዋዜማው ማታ

ቲኬቶቹን፣ የሆቴሉን ማረጋገጫና የፓስፖርቱን ገጽ ስልካችሁ ላይ አውርዱ፤ ኢሜይል ውስጥ መኖራቸው አይበቃም፤ ወደብ ላይ ሺህ ሰው አንድ ኔትወርክ ይጋራል። የደሴቷን ካርታም እንዲሁ አውርዱ። ለአደጋ 112፣ ለባሕር ጠረፍ ጥበቃ 108፣ ለቱሪስት ፖሊስ 1571 ብላችሁ መዝግቡ። ያንኑ ሰንጠረዥ በወረቀት አትማችሁ ለአብሯችሁ ተጓዥ ስጡ፤ ስልኩ የሚሞተው ሁልጊዜ ቲኬቱን የያዘው ሰው ጋ ነው።

ወደብ የምትደርሱት መርከቡ ከመነሣቱ አንድ ሰዓት ቀደም ብላችሁ ይሁን። መወጣጫው ላይ ስትቆሙ ኪውአር ኮዱን አስቀድማችሁ ክፈቱና የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጉት፤ በቀትር ፀሐይ የደበዘዘ ስክሪን ማንበቢያው አያነበውም፤ ከኋላችሁ የቆመው ሕዝብ ደግሞ ሻንጣውን እያንገጫገጨ ነው።